ጋቢ ያሞቃልን?

በምንኖርባት በሐዋሳ ከተማ፣ በአንድ የታኅሣሥ ወር ጧት፣ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች «ጋቢ ያሞቃልን?» የሚል ጥያቄ አቀረብሁላቸው። ልጆቹም እርስ በርሳቸው ተያይተው ሳቁ። በዚያ ጧት ግማሾቹ ሹራብ ደርበው፣ አንዳንዶቹም የእናታቸውን ነጠላ ተከናንበው መጥተው ነበርና መልሱ እጅግ የቀለለ መስሎ ታያቸው። ከመካከላቸውም አንዱ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ባያሞቅማ ኖሮ ማን ይለብሰው ነበር?» አለኝ። ክፍሉም ሁሉ በአንድ ቃል ተስማማለት።

እኔም ከጎረቤት ማቀዝቀዣ ያስመጣኋቸውን፣ መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት የበረዶ ቁራጮች በሁለት ሳሕን ላይ አኖርሁ። አንደኛውን እንዲሁ ራቁቱን ተውሁት፤ ሁለተኛውን ግን ከነሳሕኑ በጋቢ ጠቀለልሁት። ከዚያም «ከዕረፍት ስንመለስ የትኛው ቀድሞ ቀልጦ እናገኘዋለን?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም «በጋቢ የተጠቀለለው!» ሲሉ ጮኹ። ከዕረፍት ተመልሰን ስናይ ግን ራቁቱን የተተወው በረዶ ውሃ ሆኖ በሳሕኑ ላይ ተንጣሎ ነበር፤ በጋቢ የተጠቀለለው ግን ጥቂት ከመቀነሱ በቀር እንደ ነበረ ተገኘ። ክፍሉ ዝም አለ። ያ ልጅም ቆየት ብሎ፣ «እንግዲያስ ጋቢ ያቀዘቅዛል ማለት ነውን?» አለኝ።

ጋቢ አያሞቅም፤ አያቀዘቅዝምም። ጋቢ በር ጠባቂ ነው። በውስጡ ሙቀት ያገኘ እንደ ሆነ ሙቀቱ እንዳይወጣ፣ በውስጡ ብርድ ያገኘ እንደ ሆነ የውጭው ሙቀት እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ ከራሱ የሚያወጣው እሳት የለውም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር የልጆች ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን እኔ ይህንኑ በሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ ሳስተምር ኖሬ፣ በገዛ ቤቴ ግን ሳላስተውለው ቀርቼ እናቴን ለሞት አቅርቤአቸው ነበር። ስለዚህም ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ እነግራችኋለሁ።

የንጉሥ ዳዊት ልብስ

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ሁሉ በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የንጉሥ ዳዊትን የእርጅና ዘመን ያስታውሳል። ንጉሡ በሸመገለ ጊዜ አገልጋዮቹ ልብስ ቢደራርቡለትም ሊሞቀው አልቻለም፤ በዚህም ምክንያት በአጠገቡ ሆኖ የሚያሞቀው ሌላ ሕያው ሰው ፈለጉለት። እኔም በልጅነቴ ይህን ስሰማ፣ የእስራኤል ንጉሥ ምን ዓይነት ልብስ ቢያጣ ነው እያልሁ እደነቅ ነበር። ኋላ ግን በአዲሱ ትምህርት ቤት የሙቀትን ነገር ስማር ታሪኩ ተገለጠልኝ። ጉድለቱ የልብሱ አልነበረም። ልብስ የሚጠብቀው የተሰጠውን ነው፤ የሽማግሌ አካል ደግሞ የሚሰጠው ጥቂት ነው።

በዕረፍት ላይ ያለ የአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ከ80 እስከ 100 ዋት የሚሆን ሙቀት ያለማቋረጥ ያወጣል። ይህም አንድ የድሮ ባለ 100 ዋት አምፑል ሲበራ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር የተቀራረበ ነው። የበላነው እንጀራ በውስጣችን እየነደደ የሚሰጠን ሙቀት ይህ ነው። ልብስና መኝታ ቤትም ይህ ሙቀት እንዳይባክን የሚጠብቁ ዘበኞች ናቸው።

ሙቀት የሚሸሽባቸው ሦስት መንገዶች

ሙቀት ዘወትር ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። የሚሄድባቸውም መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በመነካካት ነው፤ የብረት ማንኪያ በትኩስ ሻይ ውስጥ ሲቆይ እጀታው የሚያቃጥለን በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው በሚንቀሳቀስ አየር ወይም ውሃ ላይ ተጭኖ ነው፤ ከድስት ላይ የሚነሣው ትኩስ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ በስፍራውም ቀዝቃዛ አየር ይተካል። ሦስተኛው በጨረር ነው፤ የፀሐይ ሙቀት ባዶውን ጠፈር አቋርጦ የሚደርሰን፣ ከፍም ፊት የቆመ ሰውም ፊቱ የሚሞቀው በዚህ ነው።

እንግዲህ ሙቀትን ማቆየት ማለት እነዚህን ሦስት በሮች መዝጋት ነው። ለመጀመሪያው በር እግዚአብሔር በከንቱ ከሰጠን ነገር ሁሉ የሚሻል መዝጊያ አለ፤ እርሱም አየር ነው። ነገር ግን አየር የሚጠቅመው ተይዞ ፀጥ ባለ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከተንቀሳቀሰ ሁለተኛውን በር ይከፍታልና። ፀጥ ካለ አየር ጋር ሲነጻጸር ውሃ ሙቀትን 24 ጊዜ ያህል አብልጦ ያሳልፋል፤ ተራ ብረት 2,000 ጊዜ ያህል፣ አሉሚኒየም ደግሞ ከ8,000 ጊዜ በላይ አብልጦ ያሳልፋል። ጥጥ፣ ሱፍና ጭድ ግን ከአየር የሚበልጡት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ምክንያቱም አብዛኛው አካላቸው አየር ነውና።

ይህን ነገር አስቀድመው ከመረመሩት ሰዎች አንዱ በአሜሪካ ተወልዶ በአውሮፓ ያገለገለው ቤንጃሚን ቶምሰን ነው፤ በኋላም ካውንት ራምፎርድ ተብሏል። ይህ ሰው ሱፉን፣ ጥጡን፣ ሐሩንና ጠጉሩን በየተራ እየፈተነ ልብስ ሙቀትን የሚያቆየው በክሮቹ መካከል በሚይዘው አየር መሆኑን አስረዳ። በ1792 እንደ አውሮፓ አቆጣጠርም ስለ ሙቀት ላደረገው ምርምር የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊን ሜዳይ ሸለመው።

የእናቶቻችን ጥበብ

ራምፎርድ ከመመርመሩ አስቀድሞ ግን የእኛ ሸማኔዎችና እናቶች በእጃቸው ሥራ ይህንኑ ሲያስረዱ ኖረዋል። ጋቢ በአራት እጥፍ የሚደረበው ስለ ምንድን ነው? ክሩ ስለሚሞቅ አይደለም፤ በእጥፉና በእጥፉ መካከል አየር እንዲታሰር ነው። በእጅ የተፈተለው የማግ ክር ለስላሳና ያበጠ በመሆኑ ብዙ አየር ይይዛል። በታኅሣሥ 19 ዋዜማ ሌሊት በሐዋሳ በቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቆሞ የሚያነጋ ምእመን ትከሻውን የሚሸፍነው ይህ የታሰረ አየር ነው። ጋቢ በዝናም የበሰበሰ እንደ ሆነ ግን አየሩ ወጥቶ በምትኩ ውሃ ይገባል፤ ያን ጊዜ ጋቢው ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ሆኖ ሳለ ጠባቂነቱ ይጠፋል። እናቶች ጋቢን ፀሐይ ላይ አስጥተው የሚያራግፉትም በዚህ ምክንያት መልካም ሥራ ነው፤ የደረቀና የተነፋ ክር አየሩን መልሶ ይይዛልና።

ጀበናም ከምድጃ ሲወርድ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን በማቶት ላይ ይቀመጣል። ማቶቱ ጀበናው እንዳይወድቅ ይደግፈዋል፤ ከዚህም ጋር የሣሩ አየር ከታች በኩል ሙቀቱን ያግዳል። አገልግልም እንዲሁ ነው። ውስጡ በአለላና በሰንበሌጥ የተሰፋ፣ ውጭው በቆዳ የተለበጠ፣ ክዳኑ የሚገጥም በመሆኑ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ፍትፍቱን ለብ እንዳለ ያገኘዋል። ስፌቱ አየሩን ያስራል፤ ቆዳው ነፋሱን ይከለክላል፤ ክዳኑ እንፋሎቱን ይይዛል።

ከሐዋሳ ወጥተን ወደ ሲዳማ ደጋ፣ ወደ ሁላና ወደ አርቤጎና ብንሄድ ደግሞ ቤቱ ራሱ እንደ አገልግል የተሰፋ ሆኖ እናገኘዋለን። የጥንቱ የሲዳማ ቤት በተሰነጠቀ ቀርከሃ እየተጎነጎነ እንደ ጉልላት ይሠራል፤ ከላይም በቀርከሃ ልባስ ወይም በሣር ይለበሳል። ከብቶቹም በአንድ ወገን በዚያው ቤት ያድራሉ። እንግዲህ በንጉሥ ዳዊት ታሪክ ያየነው በዚህ ቤት ተሟልቷል፤ ሙቀት ሰጪው ከብት ነው፤ ሙቀት ጠባቂው የቀርከሃው ልብስ ነው።

ዛሬ በየቤቱ ያለው ፔርሙስም የዚሁ ጥበብ ታናሽ ወንድም ነው። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጄምስ ዱዋር በ1892 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በለንደን የሠራው ቡና ለማቆየት አልነበረም፤ እጅግ የቀዘቀዙ ፈሳሾችን ከውጭ ሙቀት ለመጠበቅ ነበር። ድርብ ግድግዳ ያለው ጠርሙስ አበጅቶ በግድግዳዎቹ መካከል ያለውን አየር አወጣው። አየር በሌለበት ሙቀት የሚነካው ነገር አያገኝም፤ የሚጫንበትም ነገር አያገኝም። የቀረው ሦስተኛው መንገድ ጨረር ስለ ሆነ፣ ለእርሱ ደግሞ ጠርሙሱን እንደ መስተዋት በብር ለበጠው፤ ጨረሩም እየተንጸባረቀ ይመለሳል። በ1904 ይህንኑ ዕቃ አንድ የጀርመን ድርጅት ለቤት አገልግሎት አውጥቶ በግሪክ ቋንቋ ሙቀት ከሚለው ቃል ቴርሞስ አለው። እኛም ስሙን ፔርሙስ አልነው። ፔርሙስ ቡናውን ትኩስ አድርጎ እንደሚያቆይ ሁሉ በረዶ ቢጨመርበት በረዶውንም ያቆያል። በክፍል ውስጥ የነበረው የጋቢያችን ሥራ ይኸው ነው።

በቆርቆሮ ቤት የሆነው ነገር

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። እናቴ ተወልደው ያደጉት በመንዝ ደጋ ነው። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም የሚበልጥ፣ ውርጩ ሣሩን የሚያነጣበት አገር ነው። ሐዋሳ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ብቻ ናት። ስለዚህ እናቴ እርጅና ሲጫናቸው ወደ እኔ ያመጣኋቸው፣ «በሞቃት አገር ይረፉ» ብዬ ነበር።

በመጀመሪያው ኅዳር ግን እናቴ በሌሊት እየተንቀጠቀጡ፣ «ልጄ፣ የዚህ አገር ብርድ ከመንዝ ይብሳል» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። እርጅና ነው ብዬ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ገዛሁላቸው። እርሳቸው ግን የተናገሩት እውነት ነበር። በእርግጥ የሐዋሳ አየር ከመንዝ አየር አይብስም፤ ቤቴ ግን ከመንዝ ቤት የባሰ ነበር።

የመንዝ ቤት ግንቡ ወፍራም ድንጋይ ነው። ድንጋይ ሙቀትን በማገድ ብርቱ ባይሆንም ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ክዳኑ ደግሞ ክንድ ያህል የወፈረ ሣር ነው፤ የሣሩ አገዳ ሁሉ ባዶ ቀሰም ስለ ሆነ በአየር የተሞላ ጋቢ ማለት ነው። የእኔ ቤት ግን ጣራው ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቆርቆሮ ነበር፤ እናቴ በሚያድሩባት ክፍልም ኮርኒስ አልነበረም። ቆርቆሮ በቀን እንደ ምጣድ ይግላል። በሌሊት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ ሙቀቱን በጨረር ወደ ሰማይ ይበትንና ከውጭው አየር እንኳ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ከሰው የሚወጣው ትኩስ እስትንፋስም ወደ ላይ ወጥቶ ይህን ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። እናቴ ጎሕ ሲቀድ ከጣራው በፊታቸው ላይ ጠብ የሚለውን ውሃ እያሳዩኝ «ቤትህ ያለቅሳል» ይሉኝ ነበር። ያ ሁሉ ምልክት ተሰጥቶኝ ሳለ አላስተዋልሁም።

በአንድ ሌሊት ብርዱ ሲበረታባቸው ማንደጃ አመጣሁ። ከሰሉን በደጅ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ፈጽሞ አልቆ ፍሙ እስኪቀላ ድረስ ጠበቅሁ። ጭስ ከሌለ ክፉ ነገር የለም ብዬ ነበርና ማንደጃውን በክፍላቸው አኖርሁ፤ መስኮቱንም ዘጋሁ፤ ሙቀቱ እንዳይወጣ ብዬ በበሩ ሥር ጨርቅ ወተፍሁ። እናቴም መርቀውኝ ተኙ።

ዶሮ ሲጮኽ ባለቤቴ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማች። በሩን ከፍተን ስንገባ እናቴ ከአልጋቸው ወርደው፣ የውሃውን ማሰሮ ገልብጠው፣ በወለሉ ላይ ተዘርግተው አገኘናቸው። ይተነፍሱ ነበር፤ ነገር ግን ስንጠራቸው አልመለሱልንም። በጋቢ ጠቅልለን ወደ ደጅ አወጣናቸው። ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት ወስደናቸው ኦክሲጅን ተሰጣቸው። ማታ ላይ ዐይናቸውን ገልጠው ስሜን ጠሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ እኔም ሙቀት ልጨምር ብዬ ያለችኝን አንዲት እናት ላጣ ነበር።

ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ይወጣዋል። ይህ አየር ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ፍሙ ሲቀላም ይወጣል እንጂ ከጭሱ ጋር አያልቅም። ወደ ደም ሲገባም ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል በደሙ ላይ ይጣበቃል፤ በዚህም ምክንያት ሰው አየር እየሳበ ሳለ አየር ያጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይሰማዋል፤ የተኛ እንደ ሆነ ግን ምንም ሳይሰማው በዚያው ይቀራል። እናቴ ዕድሜአቸውን ሙሉ በእሳት ዳር ሲያድሩ ይህ ያልደረሰባቸው፣ የሣር ክዳን በየቀዳዳው ስለሚተነፍስ ነው። ያም ቢሆን ጭሱ ዐይናቸውንና ሳንባቸውን ሳይጎዳ አልቀረም። ጥብቅ ሆኖ የተሠራው የከተማ ክፍል ግን መርዙን ይዞ ያስቀራል።

ቤቱን ስናለብሰው

ሐኪሙ እናቴን ሲያሰናብት «ከእንግዲህ ከሰል በመኝታ ቤት እንዳይገባ» አለኝ። እኔም ወደ ቤቴ ስመለስ በሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርሁት ነገር ታወሰኝ። የጎደለው እሳት አልነበረም፤ ያለው ሙቀት የሚጠበቅበት ልብስ ነበር።

በመጀመሪያ በቀርከሃ ሥራ ከሚተዳደር ሰው የተጎነጎነ ቀርከሃ ገዝተን ኮርኒስ አበጀን፤ ከበላዩም አቡጀዲ ወጠርንበት። ከቆርቆሮው እስከ ኮርኒሱ ያለው ባዶ ስፍራ እንግዲህ የታሰረ አየር ሆነ። እስትንፋሳቸውም ቀዝቃዛውን ብረት መንካት ስላቆመ በፊታቸው ላይ ይወርድ የነበረው ጠብታ ቀረ። ሁለተኛም በአልጋው ላይ ያለውን ፍራሽ ወፍራም አደረግን፤ ሰው ብርድ የሚገባው ከላይ ብቻ ይመስለዋል እንጂ ከታች የተጨፈለቀ ፍራሽ ሙቀትን ወደ ታች ያፈሳል። በሲሚንቶው ወለል ላይም ምንጣፍ አነጠፍን። ሦስተኛም በሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ ከለከልን፤ ለመተንፈሻ ግን ከግድግዳው ከፍ ባለ ስፍራ አንዲት ቀዳዳ ሳትደፈን ተውን። አራተኛም የሽማግሌ አካል የሚሰጠው ሙቀት ጥቂት ነውና ከመኝታ በፊት በትኩስ ውሃ የተሞላና ክዳኑ የጠበቀ ዕቃ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለን በእግራቸው በኩል አኖርንላቸው። ራሳቸውንም በሻሽ ይሸፍናሉ።

ለዚህ ሁሉ ያወጣነው ገንዘብ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሰል ግን በየሌሊቱ ይገዛ ነበር። ኮርኒሱም የቀኑን ትኩሳት ስለሚያግድ በመጋቢት ፀሐይ እንኳ ክፍሉ እንደ ቀድሞው አይፋጅም። ይህም የበረዶውን ምሳሌ ያስታውሰናል፤ በር ጠባቂው ለሁለቱም ወገን ይሠራል።

በማድ ቤት በኩል

ከመኝታ ቤት ቀጥሎ ሙቀት እጅግ የሚባክንበት ስፍራ ማድ ቤት ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት ምጣዱን ከሚያሞቀው ይልቅ ነፋሱን የሚያሞቀው ይበልጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአገራችን የወጣው ምርጥ ምድጃ ይህን ለማዳን የታሰበ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሚሠሩ ገጣጣሚ ክፍሎች እሳቱን ዙሪያውን ይከባል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸርም እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ያድናል። ላቀች የተባለውም የከሰል ምድጃ በብረቱ ውስጥ የሸክላ ልባስ ያለበት ለዚሁ ነው፤ ሸክላው ፍሙን ከብረቱ ይለያል።

ስለ ቀላሉ ድንጋይ አንድ ነገር ልጨምር። ሐዋሳ ራሷ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ከሐይቁም በስተ ሰሜን የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አለ። በዚህ አካባቢ የሚገኘው ፑሚስ የተባለ ድንጋይ በውሃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል። የቀለጠው ድንጋይ እየፈላ ሳለ በድንገት ስለ ረጋ አረፋው በውስጡ ታስሮ ቀርቷል፤ አረፋውም የታሰረ አየር ነው። በጋቢና በአገልግል ያየነውን ሥራ ምድር ራሷ በድንጋይ ሠርታዋለች ማለት ነው።

በጾም ወራት ደግሞ ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ ለማብሰል ብዙ ከሰል ይነዳል። ለዚህ የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በ1867 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፓሪስ ትርኢት የኖርዌይ ማብሰያ ተብሎ የታየ ሲሆን፣ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ጊዜ የእንግሊዝ እመቤቶች ማገዶ ሲያጥራቸው በጭድ ሣጥን ያበስሉ ነበር። አሠራሩም እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ቅርጫት ወይም ሣጥን ወስዶ ከታችና ዙሪያውን አንድ ስንዝር የሚያህል ንጹሕና ደረቅ ጭድ መጠቅጠቅ፤ መካከሉንም ለድስቱ ልክ ባዶ መተው፤ ከላይ የሚደፋበትም በጭድ የተሞላ ትራስ መስፋት ነው። ሌሊቱን የተነከረው ጥራጥሬ በእሳት ላይ በሚገባ ከፈላ በኋላ ድስቱ ክዳኑ ሳይከፈት በጭዱ መካከል ይቀመጣል፤ ትራሱም ይደፋበታል። ሦስትና አራት ሰዓት ያህል ያለ እሳት በራሱ ሙቀት ይበስላል።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለበት። በተለይ ቀይ ቦሎቄ በጥሬው መርዝ አለበት፤ መርዙም የሚጠፋው በብርቱ ፍላት እንጂ በለብታ አይደለም። በሐዋሳ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በመንዝ ደግሞ ወደ 90 ዲግሪ ይወርዳል። የደጋ ሴቶች ንፍሮ አልበስል የሚላቸው ስለዚህ ነው። ስለዚህ ቦሎቄውን የተነከረበትን ውሃ ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል በሚገባ ማፍላት፣ ወደ ጭዱ የሚገባውም ከዚያ በኋላ መሆን ይገባዋል። ከጭዱም ሲወጣ እንደ ገና አንድ ጊዜ አፍልቶ መብላት መልካም ነው፤ ለብ ብሎ የቆየ ምግብ ቶሎ ይበላሻልና። ጭዱም ከእሳት ርቆ ይቀመጥ።

ስለ ጨቅላ ሕፃን

ንጉሥ ዳዊትን ያስቸገረው ነገር በሌላው የዕድሜ ጫፍም አለ። ጨቅላ ሕፃን ሰውነቱ ትንሽ ሲሆን ቆዳው ከሰውነቱ መጠን ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደም ቢሆን በልብስ ብቻ አይሞቅም። በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኮሎምቢያ፣ በቦጎታ ከተማ ኤድጋር ሬይ የተባለ ሐኪም፣ የሕፃናት ማሞቂያ መሣሪያ ሲያጥረው ሕፃናቱን በእናታቸው ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስደግፎ ማሳደግ ጀመረ። ዛሬ ይህ በአገራችን ሆስፒታሎችም የታወቀ ነው። እናቲቱ እሳቱ ናት፤ ከላይ የሚደረበው ጋቢ ጠባቂው ነው። ለደኅና ሕፃንም ቢሆን እንደ ተወለደ ፈጥኖ ማድረቅ፣ ራሱን መሸፈን፣ ገላውንም አንድ ቀን እስኪሞላው ሳያጥቡ መቆየት እንደሚገባ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

እንግዲህ የምንመክረው

በዘመናችን ብዙ ሰው የሣር ክዳኑን ትቶ ወደ ቆርቆሮ ገብቷል። ቆርቆሮ ከእሳትና ከዝናም ይጠብቃል፤ ዕድሜውም ረጅም ነውና ይህን መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን ከሣሩ ጋር አብሮ የሄደው ጋቢ በሌላ መተካት ነበረበት። ስለዚህ የቤት አባወራና እመቤት ዛሬ ማታ በቤታቸው ጣራ ሥር ቆመው ቀና ብለው ይመልከቱ። በሽማግሌው ወይም በሕፃኑ መኝታ በላይ የሚታየው ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ከከሰል ግዢ በፊት ኮርኒስ ይታሰብ። ከሰል የያዘ ማንደጃም በተዘጋ መኝታ ቤት ለአንዲት ሰዓት እንኳ አይደር።

እናቴ ዛሬም ከእኛ ጋር አሉ። ባለፈው ታኅሣሥ ያ የክፍሌ ተማሪ ደብተር ሊወስድ ወደ ቤት መጥቶ ሳለ አግኝተውት፣ መምህሩ ምን እንደሚያስተምረው ጠየቁት። እርሱም «ጋቢ እንደማያሞቅ ነው የሚያስተምሩን» አላቸው። እናቴም ወደ ኮርኒሱ ቀና ብለው አዩና፣ «አዎን ልጄ፣ አያሞቅም» አሉት። «እርሱም ቢሆን ይህን ያወቀው በእኔ ላይ ነው።»